ከሐኪም ጋራ ባሕሩ ይታያልን?

 

ሐረርን የጎበኘ ሰው ሐኪም ጋራን ሳይወጣ ቢመለስ ጉዞው ጎዶሎ ነው። ከጁገል ግንብ በስተደቡብ የቆመው ይህ ተራራ ከተማዋን በአንድ እይታ ቁልቁል ያሳያል። ጥንታውያን በሮቿ፣ ነጫጭ ሚናራዎቿ፣ ተደጋግፈው የቆሙ የሐረሪ ቤቶቿ ከዚህ ሆነው ሲያዩዋቸው በአንድ ገበታ ላይ የቀረቡ ይመስላሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በውስጧ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች እንደሚገኙ ጠቅሷል።

«ሐኪም» የሚለውን ስም የሰማ እንግዳ በተራራው ላይ ሕክምና ቤት ያለ ይመስለው ይሆናል። ተራራው ስሙን ያገኘው ግን መቃብራቸው በላዩ ላይ ከሚገኘው ከአው ሐኪም ነው። «አው» ሐረሪዎች ለታላላቅ አባቶች የሚሰጡት የክብር መጠሪያ ነው።

ባለፈው ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ ከተማሪዎቻችን ዐሥራ አንዱን ይዘን በበድሮ በሪ ወጣንና ወደ ተራራው አቀናን። ዓላማችን የጂኦግራፊ ትምህርቱን ከመጽሐፍ አውጥተን በዐይን ማሳየት ነበር። ጫፉ ላይ ደርሰን ሁሉም ትንፋሹን እየሰበሰበ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤረር ሸለቆ ሲመለከት፣ ከመካከላቸው ትንሹ «መዐሊም፣ ከዚህ ባሕሩ ይታያል?» ሲል ጠየቀን። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እኛም ፈገግ አልን። ቅርቡ የባሕር ጠረፍ በአየር መስመር ቢለካ እንኳ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «አይታይም» ብለን መለስንለት። በዚያ ቀን ከተራራው ሳንወርድ ግን መልሳችን ግማሽ መልስ መሆኑን ተረዳን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳንም ይኸው ነው።

የጥንቱ መንገድ

ሐረር የደጋ ከተማ ብትሆንም ኑሮዋ ለዘመናት ከባሕር ጋር የተሳሰረ ነበር። ቡናዋ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርድ ነበር፤ ከዚያም ጨርቅ፣ ጨውና ኪታብ ወደ ላይ ይመጣ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር የገባው ከዘይላ ተነስቶ በዚሁ በነጋዴዎች መንገድ ነው።

በዚያን ዘመን የበርበራ ታላቅ ገበያ የሚቆመው ዓመቱን ሙሉ አልነበረም። ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ይቆምና ይበተናል። በክረምቱ ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ብርቱ ነፋስ ባሕሩን ስለሚያናውጠው ጀልባዎች አይጠጉም። ስለዚህ የሐረር ነጋዴ ግመሉን ከመጫኑ በፊት የባሕሩን ወራት ማወቅ ነበረበት። ባሕሩን በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ንግዱን የሚያሰናዳው በባሕሩ አቆጣጠር ነበር። ዛሬ ጨርቁም ስኳሩም በመኪና ስለሚመጣ ያ ዕውቀት ከብዙዎቻችን ቤት ወጥቷል። ባሕሩ ግን ከእኛ ጋር ያለውን ዝምድና አላቋረጠም።

የባሕሩ ሁለት ወራት

በሞቃት ባሕር ላይ ተወልዶ እየተሽከረከረ የሚጓዘውን ታላቅ አውሎ ነፋስ አሜሪካኖች ሀሪኬን፣ የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ታይፉን፣ በእኛ በኩል ባለው የሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሳይክሎን ይሉታል። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። ከ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ባሕር እርጥበቱን ወደ ላይ ይልካል፤ እርጥበቱ ደመናና ዝናብ ሲሆን ሙቀት ይለቅቃል፤ ያ ሙቀት ነፋሱን ያበረታዋል። ነፋሱ ወደ የብስ ሲገባ ስንቁ ስለሚቋረጥበት ይደክማል፤ የተሸከመውን ውኃ ግን እዚያው ያራግፈዋል።

በዓረብ ባሕር ይህ ነፋስ የሚበረታው በሁለት ወቅት ነው። አንደኛው ከክረምቱ ነፋስ በፊት በግንቦትና በሰኔ፣ ሁለተኛው ከክረምቱ በኋላ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በመካከሉ ባሉት ወራት የክረምቱ ነፋስ ከታች በአንድ አቅጣጫ፣ ከላይ በሌላ አቅጣጫ ስለሚነፍስ ጅምሩን ገና ሳይደራጅ ይበትነዋል። ሁለተኛውን ወቅት በተለይ ልናስተውለው ይገባል። በባሕሩ ዘንድ የአውሎ ነፋስ ወቅት መዝጊያ የሆነው ጊዜ በሐረርጌ ማሽላ የሚያፈራበትና የሚታጨድበት ጊዜ ነውና።

ያለፉትን ዓመታት መለስ ብለን ብንቆጥር በዚህ በዓመቱ መጨረሻ የደረሰው ቀላል አይደለም። በኅዳር 2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሶማሊያ ፑንትላንድ የገባው አውሎ ነፋስ ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል፤ ከቅዝቃዜውና ከጎርፉ የተነሳ ያለቀው ከብት እጅግ ብዙ ነው። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ቻፓላ የተባለው አውሎ ነፋስ የሐድረመውትን ወደብ ሙከላን መታ፤ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሜግ የተባለው ተከትሎ የሶቆጥራን ደሴት ደበደበ።

ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጋቲ የተባለው በአፍሪካ ቀንድ ጫፍ በራስ ሐፉን አጠገብ ወደ የብስ ገባ። በሶማሊያ ምድር ከተመዘገቡት አውሎ ነፋሶች ሁሉ ብርቱው እርሱ ነው። ሰሜን ሶማሊያ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጋቲ የዚያን እጥፍ በሁለት ቀን ሊያወርድ እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። የሐፉንና የሑርዲያ ዓሣ አጥማጆች ጀልባና መረባቸውን አጡ። ለጠረፍ ሰው ጀልባ ማለት ለእኛ ገበሬ በሬውም እርሻውም ማለት ነው። እነዚሁ መንደሮች ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ከኢንዶኔዥያ ጠረፍ የተነሳው የሱናሚ ማዕበል ከመታቸው ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት መሆኑ ነበር።

ይህ የእኛ አካባቢ ዕጣ ብቻ አይደለም። በዚያው በፈረንጆች ኅዳር 2020፣ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ፣ ኤታና አዮታ የተባሉ ሁለት ሀሪኬኖች በሁለት ሳምንት ልዩነት የኒካራጓን አንድ ጠረፍ ደጋግመው መትተዋል። የመጀመሪያው ጣሪያ ያነሳበት ሰው ገና ቆርቆሮውን ሳይመታ ሁለተኛው ደረሰበት። የሳይንስ ሰዎች እንደሚሉት ባሕሮች እየሞቁ በሄዱ መጠን እንዲህ ያለው ብርቱ ነፋስ ይበረክታል፤ የዓረብ ባሕርም ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

ሁለት ምስክሮች በአንድ ቤት

ይህን ሁሉ በተራራው ላይ ለተማሪዎቻችን ካስረዳን በኋላ ስንወርድ፣ በቁልቁለቱ ላይ ማሽላና ጫት የሚያለሙ አንድ አዛውንት «እንግዳ ሆጃ ሳይጠጣ አያልፍም» ብለው ወደ ቤታቸው አስገቡን። በቤቱ ውስጥ የልጃቸው አማት፣ ከአውደል አገር ከሉግሃያ ወገን ለጥየቃ የመጡ እናት፣ ተቀምጠው ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ባሕሩ እንደተማሩ ሲነግሯቸው እኒህ እናት ፈገግ ሳይሉ አዳመጡና በሶማሊኛ ይናገሩ ጀመር፤ ሐጂ ወደ አማርኛ መለሱልን።

የተናገሩት በግንቦት 2010 ዓ.ም. ስለደረሰው ሳጋር ስለተባለው አውሎ ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ርዝመቱን ተጉዞ ግንቦት 11 ቀን በሉግሃያ አጠገብ ወደ የብስ ገባ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት መካከል ይህን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የገባ የለም። የጅቡቲ ከተማ ጎዳናዎች ወንዝ ሆኑ። በአውደል በርካታ ሰዎች ሞቱ፤ ዝናቡም ድንበር ተሻግሮ ወደ አገራችን ምሥራቃዊ ቆላ ደረሰ።

«ሁለት ዓመት ድርቅ ነበር» አሉ እናት። «ግመል ሳይቀር ከስቷል። አንድ ቀን በሬዲዮ ዝናብ ይመጣል ተባለ። ዝናብ ሲባል ማን ይሸሻል? ዝናቡን አላህን ስንለምን የከረምን ሰዎች ነን። ደስ ብሎን ፍየሎቹን ወደ ደረቁ ወንዝ ዳር አወረድናቸው፤ ሣሩ ቀድሞ የሚበቅለው እዚያ ነዋ። ሌሊት ዘነበ። ጎህ ሳይቀድ ወንዙ መጣ። ከመቶ ፍየል የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነው። የወንድሜን ልጅ ግን እስከ ዛሬ አላገኘነውም።»

በቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ከዚያ ከተማሪዎቹ አንዷ «ግን ማስጠንቀቂያው ደርሷችሁ ነበር ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። እናት «ስለ ዝናቡ ነገሩን። ስለ ወንዙ የነገረን የለም» አሉ።

ሐጂ ደግሞ የራሳቸውን ቀጠሉ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ማሽላው አፍርቶ ገና ሳይደርቅ፣ በኤረር በኩል እንደ ጭስ ያለ ነገር ተነሳ። ደመና መስሏቸው ነበር፤ አንበጣ ነው። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጭስ እያጨሰ፣ ጅራፍ እያጮኸ ወጣ። ከማሳው ላይ ሲነሳ ቀጥ ብሎ የቀረው አገዳው ብቻ ነው። «ያን ዓመት በእጃችን ከዘራነው ይልቅ በእርዳታ የመጣውን በላን» አሉ።

መንግሥትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ባደረጉት ጥናት በኢትዮጵያ 200,000 ሔክታር ያህል ሰብል ተጎድቶ ነበር። ከዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ፣ 114,000 ሔክታር ያህሉ፣ ማሽላ ነበር። እህል ለመርዳት የሚያስፈልገውም ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህል ተብሎ ተገመተ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን ሳይቀር አንበጣው መስተዋቱን ስለሸፈነበት ማረፍ አቅቶት ወደ አዲስ አበባ ዞሯል።

የዐሥራ ሰባት ወር መንገድ

ሐጂ «ለመሆኑ ይህ አንበጣ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁን። እኛም የምናውቀውን ነገርናቸው። ሳጋር ባለፈ በቀናት ውስጥ፣ በዚያው በግንቦት 2010 ዓ.ም.፣ መኩኑ የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ በኦማን በሰላላ አጠገብ ወደ የብስ ገብቶ ሩብዕ አል-ኻሊ በሚባለው የዓረቢያ ምድረ በዳ ላይ ውኃውን አፈሰሰ። በአሸዋ ኮረብቶች መካከል ሐይቆች ታዩ፤ ሣር በቀለ፤ አንበጣ እንቁላሉን ጣለ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በወቅቱ መዝጊያ ላይ ሉባን የተባለው ተደረበ፤ ሊደርቅ የነበረው በረሃ እንደገና ረጠበ። አንበጣው ሰው በማይኖርበት በዚያ ምድር ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ ወደ የመን ወረደ፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ እኛ ገባ። እኛ ሊሄድልን ነው ስንል ኅዳር 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ፓዋን የተባለው አውሎ ነፋስ በፑንትላንድ ገብቶ የሶማሊያን በረሃ አረጠበለትና ለሌላ ዓመት አቆየው። የአንድ ካሬ ሜትር ሳይሆን የአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ በቀን የሚበላው 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ነው፤ ነፋስ ካገዘውም በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

ሐጂ በጣታቸው ቆጠሩ። «ከግንቦት እስከ ግንቦት ዐሥራ ሁለት፣ ከዚያ እስከ ጥቅምት አምስት። ዐሥራ ሰባት ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነበራ! እናንተ የተማራችሁት ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?»

አንባብያን ሆይ! ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ አልነበረንም። በእርግጥ በሩብዕ አል-ኻሊ ውስጥ የሚሆነውን ባለሙያዎችም ያወቁት ዘግይተው ነው። ነገር ግን አንበጣው ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ የሐጂ ማሽላ እስኪያፈራ ወራት ነበሩ። እኛ ያን ጊዜ ምን ስንሠራ ነበር? በግንቦት 2010 ዓ.ም. ስለ ሳጋር በሬዲዮ ሰምተናል። የሰማነውንም ለፈተና ጥያቄ አድርገነዋል፦ «በሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው አውሎ ነፋስ ምን ይባላል?» ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ተማሪዎቹም «ለ. ሳይክሎን» ብለው ሙሉ ነጥብ አገኙ። ዕውቀቱ ከመማሪያ ክፍሉ በር አልወጣም፤ በእግር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ተጉዞ ሐጂ ቤት አልደረሰም።

ቃል ሲደርስ

ማስጠንቀቂያ በጊዜው ሲደርስ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን ለማየት ወደ ባንግላዴሽ እንሻገር። ኅዳር 1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970)፣ አገሩ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በሌሊት የገባ አውሎ ነፋስ ባሕሩን በጠፍጣፋው ጠረፍ ላይ ገለበጠው። በትንሹ 300,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የአውሎ ነፋሱን መምጣት የሚያውቁ ነበሩ፤ ወሬው ግን እንደሚገባው ሆኖ ለደሴቱ ሰው አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ መንግሥትና ቀይ ጨረቃ ማኅበር ከየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠኑ። የወቅቱ ምልክት ሲታይ እኒህ ወጣቶች ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ ድምፅ ማጉያ ይዘው በየደጁ ይዞራሉ፤ የመስጊዱ ማይክራፎንም ያግዛቸዋል። ቃላቸው «አውሎ ነፋስ ይመጣል» በሚል አይቆምም፤ መቼ እንደሚደርስ፣ ውኃው በየት እንደሚገባ፣ አሮጊቷን ማን እንደሚሸከም፣ የትኛው መጠለያ እንደሚገቡ ይናገራል። በኅዳር 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ በዚያው አገር ሲገባ የሞተው ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ነው። ይህም ብዙ ሐዘን ነው፤ ከ300,000 ጋር ስናነጻጽረው ግን በመካከሉ ያለውን የነፍስ ብዛት እናስብ። ነፋሱን ማቆም የሰው ሥራ አይደለም። ወሬውን ማድረስ ግን የሰው ሥራ ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቻለሁ ያለው ሰው የተመከረውን ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል።

ቃል ወደ ላይ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስለንም። ከሐኪም ጋራ ወደ ምሥራቅ የምናየው ኤረር ወርዶ ከዋቢ ሸበሌ ይገናኛል፤ ዋቢ ሸበሌም በጎዴና በቀላፎ አልፎ ሶማሊያ ውስጥ በለድወይን ከተማን ይሰነጥቃል። በጥቅምትና በኅዳር 2016 ዓ.ም. ወንዙ ሞልቶ የበለድወይንን ነዋሪ ከቤቱ ሲያፈናቅል፣ ከውኃው ብዙው የዘነበው በእኛ ደጋዎች ላይ ነው። የባሕሩ ሰው ለእኛ መናገር እንዳለበት ሁሉ እኛም ለታችኛው ሰው መናገር አለብን። የጎረቤት ሐቅ በአጥር የሚለካ አይደለም።

ከተራራው ስንወርድ

ከመሰናበታችን በፊት ሐጂ የተራራውን አንድ ወሬ አጫወቱን። በአንድ የረሃብ ዘመን አውሊያዎች በዚህ ተራራ ላይ ተሰብስበው ተመካከሩ ይባላል፤ የተራቡ ጅቦች ሰው መንካት ጀምረው ነበርና ገንፎ እየሰጡ ከከተማዋ ጋር አስታረቋቸው። በዓሹራ ለጅብ ገንፎ የማቅረቡ ልማድ ከዚያ እንደመጣ ይተረካል። ስለ ልማዱ ፍርዱን ለዑለማኦች እንተወው። እኛ የያዝነው ግን ይህን ነው፦ የሐረር አባቶች ወደዚህ ተራራ የወጡት የሚመጣውን ተመልክተው ለመመካከር ነበር።

ስለዚህ ከተማሪዎቻችን ጋር እዚያው አንድ ነገር ተስማማን። ከግንቦት እስከ ሰኔ፣ እንደገና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በየሳምንቱ ሁለት ተማሪዎች የባሕሩን ወሬ ከሬዲዮና ከአየር ጠባይ ባለሥልጣናት መግለጫ ይከታተላሉ። የሰሙትን አራት ጥያቄ ይጠይቁታል፦ መቼ ነው? ውኃው በየት ይወርዳል? ለማን ይጎዳል? ለማን እንንገር? ከዚያ ለቤተሰባቸው፣ ለገበሬው፣ በቆላና በጠረፍ ላለው ዘመድ በስልክ ይነግራሉ። በሐረር ጅቡቲ ወይም ጅጅጋ ወይም ሐርጌሳ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። እናንተም ወላጆች በየቤታችሁ ይህን ብትሞክሩት ወጪው የአንድ ስልክ ጥሪ ነው።

እኒያ እናት ሊሸኙን በር ድረስ ወጡ። የጠየቀውን ትንሹን ተማሪ ራሱን ዳሰሱትና ሐጂን አንድ ነገር አሉ። «ዝናብ ይመጣል ስትላት ወንዙም ይመጣል ብለህ ጨምርበት፣ አለችህ» ብለው ሐጂ ነገሩት። ልጁ በደብተሩ ላይ ጻፈው።

ወደ በድሮ በሪ ስንቃረብ ከጁገል የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ አንዱ ሚናራ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለው ከተማው በሙሉ ዳረሰ። ተማሪያችን ሆይ፣ ባሕሩ ከሐኪም ጋራ አይታይም። ወሬው ግን ይሰማል፤ የሰማ ደግሞ ለጎረቤቱ ያሰማል። አላህ የጠረፉንም የደጋውንም ሕዝብ ይጠብቅልን። አሚን።